የገበያ በርና የምርጫ ሣጥን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገበያው ይከፈት እንጂ ዴሞክራሲው ተከትሎ ይመጣል።»

ውሃ አያነሳም። በቺሊ የገቢ ዕቃ ቀረጥን በ1979 ወደ 10 በመቶ ያወረደው፣ በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የፒኖቼ ወታደራዊ መንግሥት ነው። ፓርላማው ተዘግቶ ስለነበር ጠያቂ አልነበረበትም። ቻይናም በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች፤ በለጸገች፤ ሥልጣኑ ግን ዛሬም በአንድ ፓርቲ እጅ ነው።

«ድሃ ሕዝብ የመምረጥ ዕድል ካገኘ ገበያውን ይዘጋል።»

ይህን ያፈረሱት ራሳቸው ቺሊያውያን ናቸው። ከ1990 በኋላ የመረጧቸው መንግሥታት ቀረጡን ይበልጥ ቀነሱት።

«ቀረጥ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ፖለቲካ ምን አገባው?»

ሄይቲን እንይ። በሕዝብ ድምፅ የተመረጡት ዣን ቤርትራንድ አሪስቲድ በ1991 በመፈንቅለ መንግሥት ተባረሩ። በ1994 በአሜሪካ ጦር ታግዘው ወደ ሥልጣን ሲመለሱ፣ ገበያውን የመክፈት ግዴታም አብሯቸው ገባ፤ በ1995 የሩዝ ቀረጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ። አገሬው «የማያሚ ሩዝ» የሚለው፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጎማ የተመረተ ሩዝ ገበያውን አጥለቀለቀው። የሄይቲ ሩዝ አብቃይ የሆነው የአርቲቦኒት ሸለቆ ገበሬ፣ ለራሱ የሚደጉመው ሳይኖር፣ ከዚህ ጋር ተወዳደር ተባለ። እርግጥ ለከተማው ድሃ ሩዝ ረክሶለታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን የማን ምሳ ይርከስ፣ የማን ማሳ ጦም ይደር ብሎ መወሰን ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ፖለቲካ አለ? ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን በ2010 በአሜሪካ ሴኔት ቀርበው ፖሊሲው ስህተት እንደነበረ፣ ምናልባት የጠቀመው የትውልድ ግዛታቸውን የአርካንሳስን ገበሬዎች እንደሆነ ተናግረዋል። የአርቲቦኒቱ ገበሬ በድምፁ ሊቀጣ የሚችለው ግን በዋና ከተማው በፖርቶ ፕሪንስ ያለውን የአገሩን መንግሥት ብቻ ነበር።

«ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ መላክ ነፃ ንግድ ነው።»

የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ የሚፈቅደው አጎዋ ስምምነት አይደለም፤ አሜሪካ ለብቻዋ ያወጣችው ሕግ ነው፤ ሰጪው ሲፈልግ ይነሣል። ኢትዮጵያ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ አንሥቶ ከዕድሉ ታግዳለች። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሸሚዝ ኮሌታ ስትገጥም የምትውለውን ወጣት ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ማንም ያማከራት አልነበረም። የልብስ ትዕዛዙ ሲቀንስ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል።