በብልት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ፦ ለስንፈተ ወሲብ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና

ስንፈተ ወሲብ የወንድ ብልት ለግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚያበቃ ሁኔታ መቆም ወይም ቆሞ መቆየት የማይችልበት የጤና ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ በሚዋጥ ኪኒን ይታከማል። ኪኒን ያልሠራለት ወይም በልብ ሕመም ምክንያት መውሰድ የማይችል ሰው ደም ወደ ብልት የሚስብ የቫኪዩም መሣሪያ ወይም ብልት ላይ የሚወጋ መድኃኒት ይሞክራል። እነዚህ ውጤት ሳያመጡ ሲቀሩ፣ ወይም ለታካሚው ሳይስማሙት ሲቀሩ፣ በብልት ውስጥ መሣሪያ የመትከል ቀዶ ሕክምና አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። ወደዚህ ሕክምና ከሚመጡት መካከል ስኳር በሽታ የደም ሥራቸውንና ነርቫቸውን የጎዳባቸው፣ በካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢያቸው የወጣላቸው፣ ብልታቸው የሚጎብጥባቸው እንዲሁም ለብዙ ሰዓታት ሳይረግብ ቆሞ በመቆየቱ የብልታቸው ውስጠኛ ክፍል በጠባሳ የደደረባቸው ወንዶች ይገኙበታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ቦጎራዝ ከጎድን አጥንት የተወሰደ ልም አጥንት ብልትን ለማጠንከር ተጠቅሞ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ልም አጥንት ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ለውጡ የመጣው ጎማ መሰል ሰው ሠራሽ ቁስ ከሆነው ከሲሊኮን ጋር ነው። በ1973 ብራንትሊ ስኮት የተባለው፣ በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም)፣ ከዊሊያም ብራድሊና ከጀራልድ ቲም ጋር በፈሳሽ የሚነፋውን መሣሪያ ይፋ አደረገ። ዛሬ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ ወደ ኪኒን ቢሄድም፣ ቫያግራ የተፈቀደው በ1998 በመሆኑ መሣሪያው በ25 ዓመት ይቀድመዋል።

ብልት በተፈጥሮው የሚቆመው ጎን ለጎን የተዘረጉት ሁለት ስፖንጅ መሰል ክፍሎቹ በደም ሲሞሉ ነው። ሐኪሙ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ልካቸው የተመረጠላቸውን ሁለት የሲሊኮን ቱቦዎች ያስገባል። በስፋት የሚታወቀው ባለ ሦስት ክፍል መሣሪያ ከቱቦዎቹ በተጨማሪ ከሽንት ፊኛ አጠገብ ወይም ከሆድ ጡንቻ ሥር የሚቀመጥ የጨው ውሃ ማጠራቀሚያ እና በቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፓምፕ አለው። ፓምፑ በቆዳው ሥር እንደ ሦስተኛ ፍሬ በጣት ይዳሰሳል። ሰውየው ደጋግሞ ሲጫነው ፈሳሹ ወደ ቱቦዎቹ ገብቶ ብልቱን ያቆማል፤ ግንኙነቱ ሲያበቃ የፓምፑን መልቀቂያ ሲጫን ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለስና ብልቱ ይረግባል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ሁለተኛው ዓይነት በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ዘንግ ሲሆን፣ ሁልጊዜ ጠንካራ ቢሆንም ዋጋው አነስ ይላል፤ ጣቶቹ ፓምፕ ለመጫን ለማይታዘዙለት ሰውም ይመቻል።

ቀዶ ሕክምናው በጀርባ በሚሰጥ ወይም ሙሉ በሙሉ በሚያስተኛ ሰመመን የሚከናወን ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ታካሚው መሣሪያውን መጠቀም የሚጀምረው ቁስሉ ድኖ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው።

ከሐኪም ጋር በሚደረገው ምክክር ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ መሣሪያው የሚሰጠው ጥንካሬን ብቻ መሆኑ ነው። የጠፋ የወሲብ ፍላጎትን አይመልስም፣ ብልትንም አያስረዝምም፤ እንዲያውም አንዳንዶች ከቀድሞው ያጠረ ሆኖ ይሰማቸዋል። በሌላ በኩል የቆዳውን ስሜት፣ የእርካታን ጫፍና የዘር ፈሳሽ መፍሰስን በመደበኛ ሁኔታ አያጠፋም። ብዙዎችን ከሕክምናው የሚያርቃቸው «ስሜቴን አጣለሁ» የሚለው ስጋት ስለሆነ፣ ይህን ሳይነግሩ ታካሚን ማሰናበት ትልቅ በደል ነው። ደግሞም ስፖንጅ መሰሉ ክፍል በተከላው ስለሚጎዳ፣ መሣሪያው ቢወጣ የተፈጥሮው መቆም ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ሚስትም ውሳኔው ላይ ብትገኝ መልካም ነው። ከመሣሪያው ምን እንደሚጠብቁ በትክክል አውቀው ከገቡት መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በውጤቱ እንደሚረኩ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል።

እጅግ የሚፈራው ችግር ኢንፌክሽን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚተከልላቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ስኳሩ ባልተስተካከለ ሰውና በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከፍ ይላል። ባክቴሪያው በመሣሪያው ላይ ተጣብቆ ስለሚከለል መድኃኒት ብቻውን አያጸዳውም፤ መሣሪያው መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተለበጡ መሣሪያዎች መምጣታቸው ቁጥሩን ቀንሶታል። መሣሪያው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል። ቱቦው አርጅቶ ቢያፈስ የሚፈሰው የጨው ውሃ በመሆኑ ሰውነት ያለ ጉዳት ይመጠዋል፤ ሰውየው የሚያውቀው ፓምፑን ሲጫን ብልቱ አልቆም ሲለው ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያው በአዲስ ይቀየርለታል።