የቦይስ ወርቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጁን 30 ቀን 1982 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በጀርመኗ ካሰል ከተማ፣ ዶኩሜንታ 7 በተባለው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ጀርመናዊው አርቲስት ዮዜፍ ቦይስ ሰው ፊት የወርቅ ዘውድ አቀለጠ። ቅላጩን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሶ ትንሽ ጥንቸል ሠራበት። ፐርፎርማንስ አርት (አርቲስቱ ሰው ፊት የሚያደርገው ድርጊት ራሱ ሥራው የሆነበት ጥበብ) ሲነሣ ስሙ አይጠፋም፤ ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው መታረም አለበት።

«የሩሲያ ንጉሥ ዘውድ አጠፋ።» አላጠፋም። የቀለጠው የአስፈሪው ኢቫን ዘውድ ቅጂ ነው፤ የሰጠውም የዱሰልዶርፍ ምግብ ቤት ባለቤት ነበር። ወርቁ ግን የእውነት ወርቅ ነው።

«አልኬሚ እርሳስን ወርቅ አደርጋለሁ የሚሉ ሰዎች ማጭበርበሪያ ነው።» ወርቅ ሲቀልጥ አልኬሚ መነሣቱ አይቀርም። አጭበርባሪማ ሞልቶ ነበር። ሆኖም ሃምቡርግ ውስጥ ሄኒግ ብራንት የተባለ ሰው በ1669 ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ሽንት ሲያፈላ ሲያተን በጨለማ የሚያበራ ነገር ወጣለት፤ ፎስፈረስ ነው። ኒውተንም ስለ አልኬሚ ብዙ ወረቀት ጽፎ አልፏል። ካሰል ላይ ደግሞ ወርቁ መጀመሪያም ወርቅ ነበር፣ በኋላም ወርቅ ነው። የንግሥና ምልክቱ ነው ኮሽ ሲል የሚደነብር እንስሳ የሆነው። ቦይስ «የሰላም ጥንቸል» አላት።

«ቦይስን ከሞት ያዳኑት ታታሮች (የክራይሚያ ነባር ሕዝብ) ናቸው።» ይህን ያወራው ቦይስ ራሱ ነው። በ1944 የጀርመን አየር ኃይል ወታደር ሳለ አውሮፕላናቸው ጥቁር ባሕር ዳር ባለችው ክራይሚያ ላይ ተከሰከሰ፤ አብራሪው ሞተ። ታታሮች በበረዶ መካከል አግኝተው ሰውነቴን ስብ ቀብተው፣ በተጠቀጠቀ ሱፍ ጠቅልለው አዳኑኝ ይል ነበር። የጦር መዝገቡ ግን ያገኘው የጀርመን ፈላጊ ቡድን እንደነበረና ወዲያው ወታደራዊ ሆስፒታል ገብቶ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደተኛ ይናገራል። ስብና ሱፍ ዕድሜውን ሙሉ ከሥራዎቹ ስላልጠፉ ወሬው ሥር ሰደደ። እኔ ተራ ውሸት ነው ብዬ አልተወውም። የተረፈ ሰው «ተረፍኩ» ማለት አይበቃውም፤ ያተረፈው እጅ እንዲኖር ይፈልጋል። ግን ደግሞ ተረቱ ሲያምር ወጣቱ የማን ወታደር እንደነበረ ይረሳል፤ ይህ ለቦይስ ሳይመቸው አልቀረም።

«ለሞተ እንስሳ ሥዕል ማስረዳት እብደት ነው።» በ1965 ዱሰልዶርፍ ውስጥ ያደረገውን ነው የሚሉት። ፊቱን ማር ቀብቶ፣ በላዩ ስስ የወርቅ ቅጠል ለጥፎ፣ አንድ ጫማው ላይ ብረት አስሮ፣ የሞተች ጥንቸል ታቅፎ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይሄዳል። በእግሯ ሥዕሉን ያስነካታል፣ ጆሮዋ ላይ ያንሾካሹካል። በሩ ተዘግቷል፤ ተመልካች ውጭ ቆሞ በመስኮት ያያል፣ የሚለውን ግን አይሰማም። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየ። አንድም ነገር ሳይታሰብበት አልተደረገም። ምስጢሩ ለማን እንደተነገረ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ የሰማ የለም።

«ወርቁ ሲቀዘቅዝ ነገሩ አበቃ።» የወርቅ ጥንቸሏ በ777,000 የጀርመን ማርክ ተሸጠች፤ ገንዘቡ በካሰል ለሚተከሉ 7,000 ዛፎች ዋለ። ከእያንዳንዱ ችግኝ ጎን አንድ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ይቆማል። ቦይስ በ1986 ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በ1987 ልጁ ተከለው። ጥንቸሏ ዛሬ ሽቱትጋርት ሙዚየም ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ናት። ካሰል መንገድ ዳር ደግሞ ያን ጊዜ ከቀጭኑ ችግኝ ገዝፎ ይታይ የነበረው ድንጋይ አሁን ግንዱ ሥር እንደ ጉቶ ቀርቷል።