ስለ ነቢዩ አሞጽ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከመንዝ ሆኖ ሲነበብ

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጠላው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር፣ አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሞጽ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? እስራኤልን ‹እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን› ነው ያላቸው። ከእስራኤል በፊት እኛ ነን!» አሉ። ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው» አለ። የኔታ ብቻ ዝም አሉ። ስንወጣ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «አጎትህ ጥቅሱን ያውቃሉ፤ መጽሐፉን ግን ጀምረው አልጨረሱትም» አሉኝ።

እውነት ለመናገር እኔም አልጨረስኩትም ነበር። በየዓመቱ ከኅዳር 15 ጀምረን ጾመ ነቢያትን እንጾማለን፤ ነቢያቱን ግን አናነባቸውም። ትንቢተ አሞጽ ዘጠኝ ምዕራፍ ናት። ቡናው ተቆልቶ በረካው እስኪቀዳ ታልቃለች። ሳነባት ግን ስለ ሰውየው የማውቀው ግማሹ የተሳሳተ ሆኖ አገኘሁት።

«አሞጽ የኢሳይያስ አባት ነው»

በአማርኛ ሁለቱም «አሞጽ» ተብለው ስለሚጻፉ የመጣ ስሕተት ነው። በዕብራይስጥ የነቢዩ ስም በዐይን ጀምሮ በሳምኬት ያልቃል። የኢሳይያስ አባት ስም ደግሞ በአሌፍ ጀምሮ በጻዴ ያልቃል። ሁለት ስም፣ ሁለት ሰው። ይህን እዚህ እንተወው።

«ምንም የማያውቅ ምስኪን እረኛ ነበር»

ይህ በስብከት የሚወደድ ሥዕል ነው፤ እግዚአብሔር ከበግ ኋላ ያነሣው መሃይም። አሞጽ ግን በይሁዳ ደጋ ባለችው በቴቁሔ ከነበሩት መንጋ ጠባቂዎች አንዱ ሲባል የገባው የዕብራይስጥ ቃል «ኖቄድ» ነው። ይኸው ቃል በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ለሞዓብ ንጉሥ ለሞሳ ተሰጥቷል። ሞሳ ለእስራኤል የመቶ ሺህ ጠቦትና የመቶ ሺህ አውራ በግ ጠጉር የሚገብር ባለ በግ ነበር። አሞጽ ያን ያህል ሀብታም ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሰው በግ የሚጠብቅ ሎሌ መሆኑን ግን ቃሉ አያስገድድም። አንዳንድ ሊቃውንት ቃሉን በዐረብኛ «ነቀድ» ከሚባል የበግ ዓይነት ጋር ያዛምዱታል። ትንሽ፣ መልኩ የማያምር፣ ጠጉሩ ግን የሚፈለግ በግ ነው። የመንዝን በግ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አያልፍም።

ሌላም ሥራ ነበረው፤ የሾላ ፍሬ ይሠራ ነበር። የዕብራይስጡ ግስ ከእኛው ከግእዙ «በለስ» ጋር አንድ ሥር አለው። ፍሬው ቶሎ እንዲበስል በስለት ጫር ጫር ይደረግ ነበር። ሾላ ግን በቴቁሔ ደጋ ላይ አይበቅልም፣ ቆላ ይፈልጋል። ስለዚህ አሞጽ በጉን ደጋ ላይ እያረባ ለሾላው ቆላ ይወርድ ነበር ማለት ነው፤ የመንዝ ሰው ከመሐል ሜዳ ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወርዶ እንደሚመለሰው። እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ያውቃል፤ ጠጉር ስንት እንደሚያወጣ፣ እህል እንዴት እንደሚሰፈር፣ ነጋዴው የት ላይ እንደሚያታልል ያውቃል። ትንቢቱንም ያለዚህ ማንበብ ይከብዳል።

«በዓልና ማኅሌት አያስፈልግም ብሏል»

ምዕራፍ 5 ላይ «ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ፣ የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅ» የሚል ቃል አለ። ይህን ይዘው ሥርዓትን ሁሉ የሚንቁ አሉ፤ ጥቅሱን ፈርተው የሚዘሉትም አሉ። ሁለቱም ምዕራፍ 8ን ቢያነቡ ይሻላቸዋል።

እዚያ በዓል አክባሪ ነጋዴዎች አሉ። በሰንበት አይሸጡም፣ በወር መባቻም አይሸጡም። ሥርዓቱን በትክክል ይጠብቃሉ። ልባቸው ግን «እህል እንድንሸጥ መባቻው መቼ ያልፋል? ስንዴውን እንድንከፍት ሰንበት መቼ ያልፋል?» ይላል። ሲነጋ ኢፉን፣ ማለትም የእህሉን መስፈሪያ፣ ያሳንሳሉ፤ ብሩ የሚመዘንበትን ሰቅል ያከብዳሉ፤ ሚዛኑን ያጣምማሉ፤ ግርዱን ከስንዴው ጋር ይሸጣሉ። እኛም በ12 ሚካኤልን እናከብራለን፤ እህል አንሸጥም፣ አናርስም። በ13 ጠዋት ግን ታቹ ወደ ውስጥ የተገፋ ጣሳ ይዘን እንወጣለን። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ጣሳ ተሰፍሮልኝ ያውቃል፤ የሰፈረልኝም ሰው ከአንገቱ ማዕተብ አልጠፋም። አሞጽ «ሰንበቱን ሻሩ» አላለም። የተቆጣው በማግስቱ ነው።

«የሌሎችን ኃጢአት የሚያጋልጥ ነው»

ንግግሩን የሚጀምረው በደማስቆ ነው። ቀጥሎ ጋዛ፣ ጢሮስ፣ ኤዶም፣ አሞን፣ ሞዓብ እያለ ይዞራል። የሚሰሙት የሰሜኑ መንግሥት፣ የእስራኤል ሰዎች፣ ጠላቶቻቸው አንድ በአንድ ሲወገዙ ጆሯቸው ሳይቆም አልቀረም። ከዚያ የገዛ አገሩን ይሁዳን ይጨምራል፤ ይህም ሳይጥማቸው አልቀረም። መጨረሻ ላይ ወደ እነርሱ ሲዞር ግን ከሁሉ የረዘመውን ይናገራል። ጻድቁን በብር ሸጣችሁ፣ ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ ሸጣችሁ፣ መያዣ የወሰዳችሁትን ልብስ አንጥፋችሁ በመሠዊያው አጠገብ ተኛችሁበት።

ይህ የመያዣ ልብስ በቆላ ለሚኖር ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። መንዝ ላይ ግን የድሃውን ጋቢ ማታ መያዝ ሰውየውን ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው። ኦሪት ዘጸአት 22 ልብሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት የምትለውም ሌሊት የሚተኛበት ሌላ ስለሌለው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን በዚያው ልብስ ላይ ተኝተው ያስቀድሱ ነበር፤ «ይጸልዩ ነበር» ብል ይሻላል፣ ዘመኑ ሌላ ነው።

ደግሞ ክፉ ዘመን አልነበረም። በሰሜኑ ንጉሥ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ760 አካባቢ፣ ድንበሩ ሰፍቷል፣ ንግዱ ደርቷል። አሞጽ የክረምት ቤትና የበጋ ቤት ስላላቸው፣ በዝሆን ጥርስ አልጋ ስለሚተኙ ሰዎች ይናገራል። በዋና ከተማቸው በሰማርያ በተደረገ ቁፋሮ የዝሆን ጥርስ ጌጦች በብዛት ተገኝተዋል። ያ ሁሉ እያለ ሰማርያ በ722 በአሦር እጅ ወደቀች። «ሀብታም ሆነናልና ተባርከናል» የሚለው ስብከት ዛሬ የመጣ አይደለም።

«መሬት ሲንቀጠቀጥ የተጎዱት ኃጢአተኞች ናቸው»

ሰሜን ሸዋ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለ አገር ስለሆነ መሬቱ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የተነሣው እስከ አዲስ አበባ ሲሰማም፣ አሞጽን እየጠቀሱ ቤታቸው የፈረሰባቸውን የወቀሱ ሰዎች ሰምቻለሁ። መጽሐፉ ስለ መንቀጥቀጥ መናገሩ እውነት ነው፤ የትንቢቱ ጊዜ ራሱ «ከመንቀጥቀጡ ሁለት ዓመት በፊት» ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን ምድሪቱ «ስለዚህ ነገር» ትናወጣለች ሲል ከላይ የተናገረው ስለዚያው መስፈሪያ ነው። ጣቱ የተቀሰረው በአታላዩ ላይ እንጂ ጣሪያ በወደቀበት ድሃ ላይ አይደለም።

«ነቢይ ማለት ዕጣ ፈንታህን የሚነግርህ ነው»

የቪዛና የመኪና ትንቢት በሚሸጥበት ዘመን ይህን በአጭሩ ልለፈው። የሰሜኑ መንግሥት መቅደስ የነበረባት የቤቴል ካህን አሜስያስ አሞጽን ወደ ይሁዳ ሄደህ እዚያ እንጀራህን ብላ ሲለው፣ በትንቢት የሚበላ መስሎት ነው። አሞጽ ግን ነቢይም የነቢይ ልጅም አይደለሁም፣ መንጋ ጠባቂና ሾላ ሠሪ ነኝ አለው። እንጀራው ከበጉና ከሾላው ነበር፤ ካህኑ የሚዘጋበት ደመወዝ አልነበረውም።

«ከእስራኤል በፊት እኛ ነን»

አሁን ወደ አጎቴ። ጥቅሱ ምዕራፍ 9 ቁጥር 7 ነው፤ በዕብራይስጡ «የኩሽ ልጆች» ይላል። ኩሽ ከግብጽ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር የነበረው አገር ሲሆን ግሪኮቹ ተርጓሚዎች «ኢትዮጵያ» አሉት። ለእስራኤላዊ ጆሮ የዓለም ዳርቻ ማለት ነበር። ጥቅሱ ግን እዚያ አያቆምም። «እስራኤልን ከግብጽ፣ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንን ከቂር አላወጣሁምን?» ይላል። ቤቴል ያሉት ሰዎች «ከግብጽ ያወጣን እኛን ብቻ ነው» ብለው ይመኩ ነበር። አሞጽ ያንን ትምክሕት ከእጃቸው ሲነጥቅ፣ እኛ ከወደቀበት አንሥተን ለራሳችን አደረግነው። ስድብም አይደለም፤ ሩቅ ያለውም ሕዝብ በእግዚአብሔር ዓይን ፊት ነው ማለት ነው። ማዕረግ ግን አልተሰጠበትም።

በሚቀጥለው ማኅበር የኔታ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አነበቡት። አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የኔታ፣ እኛን ከፍልስጥኤም ጋር ነው የቆጠረን?» አሉ።

«ከሶርያም ጋር» አሉ የኔታ።