ባለሁለት ነዳጅ ጄኔሬተር ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ መብራት ከነጎድጓዱ ጋር ይሄዳል። ባለፈው ሰኔ ጄኔሬተሬን ክንዴ እስኪዝል ገመዱን ብጎትተው አልነሳ አለ። በጋውን ሙሉ ቤንዚን በሆዱ እንደያዘ ከርሞ ነበር። መካኒኩ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታና ታች ያለችውን ትንሽ ሳህን አሳየኝ። እንደ ሙጫ ያለ ቢጫ ነገር ተጋግሮባታል።

«ቤንዚኑ አርጅቶ ነው» አለኝ። «ለምን በጋዝ አታስደርገውም?»

በጋዝ ማስደረግ ማለት የቤንዚኑ ጄኔሬተር በምግብ ማብሰያው የሲሊንደር ጋዝም እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለቱንም ስለሚወስድ ባለሁለት ነዳጅ ይባላል። ጋዝ ቢቀመጥ አያረጅም፣ ሙጫም አይሠራም። ፒስተኑም፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላም አይነካም። የሚቀየረው አጎራረሱ ነው።

በአየር ማጣሪያውና በካርቡራተሩ መካከል ጋዝና አየር የሚቀላቅል ዕቃ ይገባል። ከሲሊንደሩ ወደሱ በሚሄደው ቱቦ ላይ ደግሞ ሬጉሌተር አለ። የምድጃው ሬጉሌተር ግን አይሆንም! እሱ ከተከፈተ ዝም ብሎ ይለቃል። ይሄኛው ሞተሩ ሲስብ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩ ሲቆም ጋዙም ይቆማል። እዚህ ላይ ብር ልቆጥብ የሚል ሰው በቤቱ ነው የሚጫወተው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ 2.5 ኪሎዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር እኛ ጋ ሲመጣ በቤንዚንም ቢሆን 2 አካባቢ ነው። ጋዝ ደግሞ ሌላ 10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። 1.8 ቀረ። ፍሪጅ፣ ቲቪና አምፖል ይችላል። የእንጀራ ምጣዱንማ ድሮም አልቻለውም።

የናፍጣ ጄኔሬተር ካላችሁ ይህን እርሱት። ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚነደው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው። በጋዝ ብቻ አይሠራም።

የጅማ ሰው ደግሞ ይህ ወሬ ሲነሳ «የቡና ገለባውስ?» ማለቱ አይቀርም። ይቻላል። ገለባ በትንሽ አየር ሲግል የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፓ መኪኖች በእንጨት ጋዝ ሄደዋል። ግን ከጋዙ ጋር የሚወጣው ቅጥራን ካልተጣራ ቫልቩን ይይዘዋል፣ ጋዙም ራሱ መርዝ ነው። ለመኖሪያ ቤት አልመክርም።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን ውጭ አስቀምጡ፣ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ጄኔሬተሩም ውጭ ይሁን። ጭሱ በጋዝም በቤንዚንም ይገድላል።

በጋዝ ያስደረግሁት ጄኔሬተሬ ትንሽ ከሠራ በኋላ ሲሊንደሩ ከታች ላብ ያልበዋል። ያየው ጎረቤት ሁሉ «ፈሰሰ እንዴ?» ይለኛል። አልፈሰሰም። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲቀየር ሙቀት ስለሚስብ ብረቱ ይቀዘቅዛል። በረዶ መሥራት ከጀመረ ግን ለሞተሩ ሲሊንደሩ አንሶታል፤ ተለቅ ያለ ነው የሚፈልገው።