ለግሪክኛ ተማሪ የምመክረው ልቦለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግሪክኛ የሚማሩ ሰዎች «ምን ላንብብ?» ሲሉኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ የግሪካዊቷ ደራሲ የአልኪ ዜይ «ኦ ሜጋሎስ ፔሪፓቶስ ቱ ፔትሩ»። በአማርኛ «የፔትሮስ ትልቁ የእግር ጉዞ» እንደ ማለት ነው። የታተመው በ1971 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ታሪኩ በኦክቶበር 1940፣ የግሪክና የጣሊያን ጦርነት በሚጀመርበት ዋዜማ ይጀምራል። ጀርመኖች አቴንስን ለቀው እስከወጡበት እስከ ኦክቶበር 1944 ድረስ ፔትሮስ የሚባል ልጅን እየተከተለ ይሄዳል። ብዙዎች ግን ገና ሳይገልጡት ይተዉታል። ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«የታሪክ ልቦለድ ስለሆነ ቋንቋው የድሮ ነው፤ ጽርእ ሳልማር አልችለውም»

ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ናቸው። ጽርእ ሲባል የወንጌሉና የሊቃውንቱ ግሪክኛ ነው የሚታወሳቸው። ዛሬ አቴንስ ውስጥ ዳቦ የሚገዛበት ግሪክኛ ከዚያ የወረደ ቢሆንም በጣም ተለውጧል። ግሪኮች ራሳቸው በዚህ ነገር ለብዙ ዘመን ተጨቃጭቀዋል። «ካታሬቩሳ» የሚባል፣ ወደ ጥንቱ የተጠጋ የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ ነበራቸው። ሕዝቡ አፉን የፈታበት «ዲሞቲኪ» የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1976 ነው። ዜይ የጻፈችው በዚሁ ሰው በሚናገረው ነው። ፔትሮስና እህቱ አንቲጎኒ ሲነጋገሩ የምታነቡት የቤት ወሬ ነው።

ከገዛችሁ ግን አዲሱን እትም ግዙ። ግሪክኛ እስከ 1982 ድረስ በፊደሎቹ ላይ ብዙ ዓይነት ምልክት ይደረድር ነበር። አሮጌ እትም ላይ ዓይናችሁ በከንቱ ይደክማል።

«የልጆች መጽሐፍ ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል»

ብዙ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት በዚህ ነው። ፊደል በቆጠረ በወሩ ይገዛዋል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆማል። ከዚያ «ግሪክኛ አይገባኝም» ይላል።

መጽሐፉ የተጻፈው ለግሪክ ልጆች ነው። የአሥር ዓመት የግሪክ ልጅ ደግሞ ቋንቋውን አሥር ዓመት ሲሰማ የኖረ ነው። የሰፈር አነጋገሩን፣ ማቆላመጫውን፣ የጓደኛ ቀልዱን ያውቃል። ጀማሪ ይህ ሁሉ የለውም። እኔ የምመክረው ቢ1 ደረጃ ለደረሰ ሰው ነው። ማለትም ያለፈ ጊዜ ግሦችን ሳይፈራ ለሚያነብ።

እዚህ ላይ ግን አማርኛ ተናጋሪ አንድ ዕድል አለው። የግሪክኛ መምህራን ብዙ ሰዓት የሚያጠፉት ሁለቱን ያለፈ ጊዜዎች ለማስለየት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ልጆች ግድግዳ ላይ መፈክር ይጽፋሉ። «ኤግራፌ» ሲል «ይጽፍ ነበር» ማለት ነው። «ኤግራፕሴ» ሲል ደግሞ «ጻፈ»። እኛ ይህን ከእናታችን ጋር ስናወራ የለመድነው ነው። ልቦለድ ስታነቡ ልዩነቱ በየገጹ ይመጣል። «ይጽፍ ነበር» ካለ አንድ ነገር ሊያቋርጠው ነው፤ ወታደር ሊመጣ ይችላል። እንዲህ የተማራችሁት ሰዋስው አይረሳም።

አጻጻፉም ቢሆን ያን ያህል አያስደንግጥ። ግሪክኛ አንዱን የ«ኢ» ድምፅ ቢያንስ በአምስት መንገድ ይጽፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን ለይቶ የተማረ ሰው ይህን ይችለዋል።

«የግሪክን ታሪክ ቀድሜ ማጥናት አለብኝ»

አያስፈልግም። ፔትሮስም አያውቀውም። በዋዜማው ፌንጣው ሞታበት ነው ያዘነው፤ በማግስቱ ጦርነት ሆነ። እናንተም የምትሰሙት እሱ እንደሰማው ነው።

ደግሞ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ኦክቶበር 28 ቀን 1940 ሌሊት፣ የጣሊያን አምባሳደር የሙሶሊኒን ማስጠንቀቂያ ይዞ የግሪኩን መሪ የሜታክሳስን በር አንኳኳ። ማይጨው ከሆነ ገና አራት ዓመት ተኩል ነበር። ግሪኮች ያን ቀን «ኦኺ»፣ «አይሆንም»፣ ብለው በየዓመቱ ያከብሩታል። ሜታክሳስ ግን የመለሰው በፈረንሳይኛ ነው፦ «እንግዲያው ጦርነት ነው» አለ። «ኦኺ» ሕዝቡ የሰጠው ስም ነው። ጀርመኖች አቴንስ የገቡት ኤፕሪል 27 ቀን 1941 ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ እኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በምንለው ዕለት፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። አንዱ ከተማ ነፃ ሲወጣ ሌላው ተያዘ። ይህን ይዤ ሳነብ ፔትሮስ የሰፈሬ ልጅ ሆነብኝ።

«ትርጉሙን ቀድሞ ማንበብ ማጭበርበር ነው»

አይደለም። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1972 ወጥቷል። አንድ ምዕራፍ በእሱ አንብባችሁ ወደ ግሪክኛው ብትመለሱ ምንም አይጎድልባችሁም።

«የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ ማየት አለብኝ»

እንዲህ ካደረጋችሁ አትጨርሱትም። ጥቂቶቹን ብቻ ቀድማችሁ ያዙ፦ «ካቶኺ» በጠላት መያዝ፣ «ፒና» ረሃብ፣ «አንዲስታሲ» አልገዛም ባይነት። እነዚህ ደጋግመው ይመጣሉ።

ሌላውን ታሪኩ ራሱ ያስተምራችኋል። በ1941 መጨረሻ የገባው የብርድ ወቅት በአቴንስ የረሃብ ወቅት ነበር። ወራሪዎቹ እህሉን ዘርፈዋል፤ የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ዘግተዋል። ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ ይሞት ነበር። የፔትሮስ አያት በወጣትነታቸው ቲያትር ቤት ያሳለፉ ኩሩ ሽማግሌ ናቸው። እኚህ ሰው ጎዳና ወጥተው ሲለምኑ የልጅ ልጃቸው ያገኛቸዋል። «ዚትያኔቮ» የሚለውን ግሥ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። እዚያ ገጽ ላይ መዝገበ ቃላት አልከፈትኩም።