የዴሊቨሪ ቫን የመንዳት ግምገማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብሪታንያ የዴሊቨሪ ሥራ የሚጀምሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ ቃለ መጠይቁን ካለፉና ወረቀታቸው ከተጣራ በኋላ፣ ቁልፍ ከመረከባቸው በፊት ገምጋሚ ከጎናቸው ተቀምጦ ቫን እንዲነዱ ይደረጋል። እኔ ለንደን ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ዕቃ ሳደርስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ አዲስ የሚገቡትን ለዚያች ቀን በማዘጋጀት አግዛለሁ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው በዚህ ግምገማ የሚወድቀው መንዳት ስለማይችል ሳይሆን ገምጋሚው ምን እንደሚመለከት በተሳሳተ መንገድ ስለተነገረው ነው።

«መንጃ ፍቃድ አለኝ፤ ሌላ ፈተና ለምን አስፈለገ?»

የመንግሥቱን ፈተና በብዙ ድካምና ወጪ ያለፈ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም መንጃ ፍቃዱ የሚናገረው ሰውየው በመንገድ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደለት መሆኑን ብቻ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የወጣው የሥራ ላይ ጤናና ደኅንነት ሕግ ግን ሠራተኛው መሪ ይዞ በሚሠራበት ሰዓትም ጭምር አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ድርጅቱ ቫኑን ለማን እንደሚሰጥ አውቆ መስጠት አለበት።

ወረቀቱን በተመለከተ አስቀድመው የሚጣሩ ሦስት ነገሮች አሉ። የኢትዮጵያ መንጃ ፍቃድ በብሪታንያ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ብቻ የሚያስነዳ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተፈትኖ የአገሩን መንጃ ፍቃድ ማውጣት ግድ ነው፤ በቀጥታ አይቀየርም። ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና ያለፈ ሰው በእጅ ማርሽ የሚሠራ ቫን መንዳት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የሚነዳው ቫን የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ይጠይቅ። ድርጅቱ መዝገባችሁን የሚያይበት፣ ከዲቪኤልኤ (ከብሪታንያ የመንጃ ፍቃድ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ የሚወጣው ኮድ ደግሞ ከ21 ቀን በኋላ አይሠራም፤ በጣም ቀድሞ ማውጣት ጥቅም የለውም።

«ቫን ማለት ትልቅ የቤት መኪና ማለት ነው»

ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚጥለው አመለካከት ይህ ነው። በቤት መኪና ስንነዳ መሃል ላይ ባለው መስታወት የኋላውን መንገድ ማየት ልማድ ሆኖብናል። የጭነት ቫን ግን ከሹፌሩ ጀርባ በአብዛኛው በግድግዳ የተዘጋ ስለሆነ ያ መስታወት ቢኖርም የሚያሳየው ነገር የለም። ያላችሁ ሁለቱ የጎን ስፖኪዮዎች ብቻ ናቸው። ገምጋሚው ከእጃችሁ ይልቅ ዓይናችሁን የሚከታተለውም ለዚህ ነው፤ ፍሬቻ ከማብራታችሁ፣ ፍጥነት ከመቀነሳችሁ፣ መስመር ከመቀየራችሁ በፊት ስፖኪዮ አይታችኋል ወይስ አላያችሁም? ከመነሳታችሁ በፊት ጊዜ ወስዳችሁ አስተካክሏቸው። ትልቁ መስታወት የቫኑን ጎን በቀጭኑ ማሳየት አለበት፤ ከሥር ያለው ትንሹ ጎበጥ ያለ መስታወት ደግሞ የኋላ ጎማውንና የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ።

ጎማውን በተመለከተ፣ ቫን ረጅም ስለሆነ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱ በሄደበት አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ወደ ግራ በምትታጠፉበት ጊዜ እንደ ቤት መኪና ቶሎ መሪ ከጠመዘዛችሁ የኋላ ግራ ጎማው ጠርዙ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የቆመ ሰው ቢኖር ደግሞ ነገሩ ከጎማ ጉዳት ያልፋል። ትንሽ ወደ ፊት አሳልፋችሁ ጠምዝዙ፤ ጎማው ጠርዙን እስኪያልፍ ድረስ ዓይናችሁ ከግራው ስፖኪዮ አይራቅ። አገር ቤት በቀኝ በኩል ስንነዳ የኖርን ሰዎች ሌላ ችግርም አለብን። እዚህ መሪው በቀኝ ስለሆነ ሰውነታችን ሳናውቀው ወደ ለመደው ቦታ፣ ወደ ግራ ይስበናል፤ በጠባብ መንገድ ላይ የቆሙ መኪናዎችን ስፖኪዮ መትቶ ማለፍ ከዚህ የሚመጣ ነው። ግራውን ስፖኪዮ ደጋግሞ ማየት ብቻ ያድነናል።

ቁመቱም አለ። መካከለኛ ጣሪያ ያለው ቫን ወደ 2 ሜትር ከ50 የሚደርስ ሲሆን፣ የብዙ ፓርኪንጎች መግቢያ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። የቫኑን ቁመት በሜትርም በጫማና በኢንችም ጽፋችሁ ፊት ለፊታችሁ ለጥፉ፤ የድልድይ ምልክቶች በሁለቱም ወይም በአንዱ መለኪያ ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ እዚያ ደርሳችሁ ለማስላት ጊዜ አይኖራችሁም። ጭነትን ደግሞ አትርሱ። እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት የተፈቀደለት ቫን ባዶውንና ሞልቶ ፍሬን ሲያዝ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ግምገማው በባዶ ቫን ቢሆን እንኳ ከፊት ካለው መኪና የምትተዉት ርቀት የተጫነ ቫን እንደያዘ ሰው ይሁን።

«ዴሊቨሪ ስለሆነ ፈጣን ሹፌር ነው የሚፈልጉት»

ይህ በቀጥታ ያስወድቃል። በብሪታንያ ሕግ አብዛኞቹ ቫኖች ከቤት መኪና ያነሰ የፍጥነት ገደብ አላቸው። መካከለኛ አካፋይ በሌለው ሰፊ የገጠር መንገድ ላይ የቤት መኪና 60 ማይል ሲፈቀድለት ለቫን 50 ነው፤ ይህም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አካፋይ ባለው መንገድ የቤት መኪና 70 ሲሄድ ቫን 60፤ በሞተርዌይ ብቻ ሁለቱም 70 ናቸው። በቤት መኪና ቅርጽ የተሠሩ ትንንሽ ቫኖች ከዚህ ውጭ ሲሆኑ፣ ዴሊቨሪ የሚሠራባቸው የተለመዱት ቫኖች ግን ከነሱ አይደሉም። ለንደን ውስጥ ብዙ መንገዶች 20 ማይል ናቸው። በመንገዱ ምልክት ላይ የቫን ገደብ ተለይቶ ስለማይጻፍ፣ ይህን ሳያውቅ 58 የሚነዳ ሹፌር ሕግ አክብሬያለሁ ብሎ እያሰበ ነው የሚወድቀው። በሥራው ላይ ጊዜ የሚገኘውም ጥቅሎቹን ጠዋት በቅደም ተከተል በመደርደር እንጂ ነዳጅ በመርገጥ አይደለም።

«ወደ ኋላ ስሄድ ወርጄ ካየሁ እንደማልችል ይቆጠርብኛል»

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ግምገማዬን የወደቅሁት በዚህ ነው። በአንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ ወደ ጭነት በር በኋላ ማርሽ እንድጠጋ ተነገረኝ። ከጉልበት ያልበለጠ የብረት ምሰሶ ከበሩ ግራ ቆሞ ነበር፤ በየትኛውም ስፖኪዮ አልታየኝም። ያወቅሁት በድምፁ ነው። ገምጋሚው የጠየቀኝ «ለምን መታኸው?» ሳይሆን «ለምን ወርደህ አላየህም?» የሚል ነበር። ወርጄ ባይ የሚወስድብኝ ግማሽ ደቂቃ ነበር፤ እኔ ግን ያ ግማሽ ደቂቃ የሚያሳፍረኝ መስሎኝ ነበር።

እውነታው ግን በተቃራኒው ነው። መኪናውን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ወርዶ፣ የሚሄድበትን ቦታ በእግሩ አይቶ የሚመለስ አዲስ ሹፌር ገምጋሚውን ያሳርፈዋል። ሬዲዮ ይጠፋል፣ የበሩ መስኮት ይከፈታል፤ ከዚያ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ በየተራ እያዩ መሄድ ነው። የሚመራችሁ ሰው ካለና ከስፖኪዮው ከተሰወረ ወዲያው አቁሙ። የኋላ ካሜራ አለኝ ብሎ መተማመንም አይገባም፤ ዝናባማ ቀን በጭቃ የተሸፈነ ካሜራ የሚያሳየው ጭቃውን ነው።

«ቫኑን መፈተሽ የመካኒክ ሥራ ነው»

በሕግ ፊት መንገድ ላይ ለሚገኝ ችግር ተጠያቂው የያዘው ሹፌር ነው፤ ቫኑ የድርጅቱ መሆኑ አያድንም። ለአንድ ያለቀ ጎማ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድና መንጃ ፍቃድ ላይ የሚመዘገብ 3 የቅጣት ነጥብ ይደርሳል። የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ መለኪያ ከሌላችሁ የ20 ፔንስ ሳንቲም ጥርሱ ውስጥ አስገቡ፤ የሳንቲሙ የጠርዝ ክብ ከታየ ጎማው ሳያልቅ አይቀርም። ዙሪያውን ዞራችሁ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ በሮችና ከሥር የፈሰሰ ዘይት መኖሩን እዩ። ሳይነገራችሁ አድርጉት።

«ዴሊቨሪ ሹፌር ቀበቶ ማሰር የለበትም»

ግማሽ እውነት ስለሆነ አደገኛ ነው። ሕጉ ነጻ የሚያደርገው በሁለት ማድረሻዎች መካከል ያለው ርቀት ከ50 ሜትር የማይበልጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ በግምገማው ላይ ደግሞ ምንም ዕቃ አታደርሱም። ስልክ ወይም ስካነር በእጅ መያዝም፣ በቀይ መብራት ቆማችሁም ቢሆን፣ 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ያስቀጣል። አገር ቤት 20 ዓመት የነዳችሁ ብትሆኑም የብሪታንያን ፈተና ካለፋችሁ ገና 2 ዓመት ካልሞላ፣ 6 ነጥብ መንጃ ፍቃዱን ራሱን ያስነጥቃል።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ እወድቃለሁ»

የሚገመገመው መንዳታችሁ ነው። መመሪያ ካልገባችሁ «እባክህ ድገምልኝ» ማለት ነውር የለውም፤ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ በድንገት የሚታጠፍ ሰው ነው የሚያስፈራው። አንዳንድ ገምጋሚዎች ግን የምታዩትን እየተናገራችሁ እንድትነዱ ስለሚጠይቁ፣ የእግረኛ፣ የብስክሌት፣ የአደባባይና የመሳሰሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ አፋችሁ እስኪለምዳቸው ድረስ በቤት መኪናችሁ ውስጥ ተለማመዱ። እዚያው ላይ ከ2022 ጀምሮ የተለወጠውን የመንገድ ደንብም ያዙ፦ የምትታጠፉበትን መንገድ ለመሻገር ጠርዙ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ እግረኛ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ፤ ብስክሌተኛን ስታልፉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ትተዋላችሁ፤ በሩን የምትከፍቱትም በግራ እጃችሁ ነው፤ እንዲያ ስታደርጉ ትከሻችሁ ዞሮ ከኋላ የሚመጣውን ታያላችሁና።

«ሞተር አንድ ጊዜ ካጠፋሁ አለቀልኝ»

ሞተር መጥፋቱ ማንንም አያስደነግጥም፤ ከዚያ በኋላ ስፖኪዮ ሳያዩ በድንጋጤ መነሳቱ ግን ይያዛል። አሠራሩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ አንዳንዱ ተጨማሪ ሥልጠና ሰጥቶ በድጋሚ ያያል፣ አንዳንዱ አያይም። ይህን ከቀኑ በፊት በስልክ ጠይቁ። ለልምምድ የጓደኛ ቫን የምትወስዱ ከሆነም ኢንሹራንሱ እናንተን በስም መሸፈኑን አረጋግጡ፤ ያለ ኢንሹራንስ መያዝ 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ካገኛችሁ፣ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ በኋላ ማርሽ ብቻ፣ እየወረዳችሁ እያያችሁ፣ በሁለት መስመሮች መካከል አቁሙ።