ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ማለዳ ነው። ሲግናልን እንዳለፍን ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ብድግ አለ። ብድግ አለ ልበል እንጂ ሚኒባስ ውስጥ የሚቆመው ጎንበስ ተብሎ ነው። በእጁ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል። «ወገኖቼ፣ ለአንድ ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡኝ» ብሎ ጀመረ። አንዱ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ወተፈ። ረዳቱ «ሂሳብ ከኋላ!» ይላል። ልጁ ድምፁን ከፍ አደረገ። የሚያወራው ስለ ገሃነም ነው። እኛ ደግሞ ገና ቁርስ እንኳ አልቀመስንም።

ከፊቴ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ከባድ ዘንቢል አለ። ዞር እንኳ ሳይሉ «ወይ ጉድ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አሉ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አላፈረም።

«እማማ፣ እኔማ ተልኬ ነው» አለ።

«የላከህ ጌታ ጩኽባቸው አለህ?»

ልጁ ቁጭ አለ። እኔ ግን ምልልሳቸው ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ስላሰብኩ ነው መሰለኝ።

ተረቱን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሙ ሳይነሳ መልስ የሚሰጥ፣ ባልተጠራበት ጥልቅ የሚል ሰው ይተረትበታል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሳይላክበት ራሱን ሽማግሌ አድርጎ የሚመጣ ጎረቤት አለ። አለቃው ሥራውን ለሌላ ሰው ሲሰጥ «እኔ ልሂድ?» ብሎ ከወንበሩ የሚነሳ የቢሮ ሰው አለ። የዛሬ ልጆች «ልታይ ልታይ የሚል» ይሉታል። ስድብ አይደለም፤ ግን ያሳፍራል። ሰውዬው ክፉ ነው አይልም። ቦታህን እወቅ ነው የሚለው።

ከየት እንደመጣ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። መጥራትና መላክ የጌታና የሎሌ ቤት ሥራ ነው። ጌታው ይጠራል፣ አሽከሩ «አቤት» ይላል። ጌታው «ሂድ» ይላል፣ አሽከሩ «ወዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ቃላት መልስ ናቸው። መልስ ደግሞ ከጥሪ በፊት አይመጣም። በመኳንንቱ ግቢ ይህ ቀልድ አልነበረም። ከጌታው እልፍኝ የሚያስገባና የሚከለክል ሹም አለ፤ ስሙም «እልፍኝ አስከልካይ» ነው። የሹመቱን ስም ልብ በሉ። «አስገቢ» አላሉትም። ግብር ሲበላ ደግሞ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አጋፋሪው ነው። ባለጉዳይ ውጭ ቆሞ ደጅ ይጠናል። ቀን ይሁን ወር ይሁን፣ እስኪጠራ ድረስ ነው።

እኔ «አቤት»ን የተማርኩት ከአያቴ ነው። ቡና እየቆላች ከጓዳ ትጠራኛለች። «ምን?» ካልኩ መልስ የለም። «እ?» ካልኩም የለም። የብረት ምጣዱ ሲንሿሿ ብቻ ይሰማኛል። ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ «አቤት እማዬ» ስል ነው ቀና የምትለው። አንድ ቀን ደግሞ ታናሽ እህቴን ስትጠራ እኔ ሮጬ «አቤት!» አልኩ። ቡና ቁርሱ ሊያመልጠኝ ነዋ! ይህችን ተረት ያን ቀን ሰማኋት። ቆሎው ግን አልቀረብኝም።

አማርኛ ከዚህች ከአንዷ ቃል ብዙ ሠርቷል። ሲጠሩን አቤት እንላለን። ስንበደል «አቤት! አቤት!» እንላለን፤ ያ ጩኸት ወረቀት ላይ ሲወርድ «አቤቱታ» ይባላል። ሲደንቀን «አቤት ውበት!» ሲበርደን «አቤት ብርድ!» ነው። መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ የከፈተ ሰው ደግሞ በየገጹ «አቤቱ» የሚል ያገኛል። በግእዙ «እግዚኦ» ያለው ነው። ሎሌ ለጌታው፣ የተበደለ ለዳኛው፣ ዳዊት ለፈጣሪው የሚናገሩት በአንድ ቃል ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ተረቱ ጥያቄ የሚሆንብኝ። የሚጸልይ ሰው «አቤቱ» ብሎ ይጀምራል። ማን ጠራው? እልፍኝ አስከልካዩን አልፎ ነው የገባው? ሳይጠሩት አቤት ማለት እሱስ አይደለም ወይ?

አስቴር ይህን ጥያቄ በነፍሷ ነው የጠየቀችው። የፋርስ ሕግ ግልጽ ነበር። ወንድም ይሁን ሴት፣ ሳይጠራ ወደ ንጉሡ ወደ ውስጠኛው አደባባይ የገባ ይሞታል፤ ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ካልዘረጋለት በቀር። አስቴር ንግሥት ናት፣ ግን ከተጠራች ሠላሳ ቀን ሆኗታል። ሕዝቧ ሊጠፋ ነው። ሦስት ቀን ጾመች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው የምወደው። በጾም በደከመ ሰውነቷ የክብር ልብሷን ለበሰች። ሄዳም አደባባዩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተንበረከከችም፣ ሮጣም አልገባችም። ልትታይ በምትችልበት ቦታ ቆመች። ዘንጉ ተዘረጋ። ቀርባ ጫፉን ነካች።

ይህ ድፍረት ነው ወይስ አክብሮት? አማርኛችን እዚህ ትንሽ ይቸገራል። «ደፈር ብለህ ተናገር» ብለን ልጅ እናበረታታለን። «ደፋር!» ብለን ደግሞ እንቆጣለን። «መድፈር» የሚለው ግስማ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ወንጀልም ነው። አዲስ ኪዳን ሲጻፍ የተሠራበት የግሪክ ቃል «ፓሬሲያ» ነው፤ ሲፈታ «ሁሉን መናገር» ማለት ነው። አቴና ውስጥ ዜጋ በጉባኤ ፊት ያለ ስጋት የሚናገርበት መብት ነበር። ባሪያ ይህ መብት አልነበረውም። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አንድ ቃል በየቦታው በተለያየ ቃል ተርጉሞታል። በዕብራውያን 4፥16 «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ይላል። በ10፥19 ግን «ድፍረት» ብሎታል። በሐዋርያት ሥራ 4 ላይ ሐዋርያት ቃሉን ለመናገር የለመኑት «ግልጥነት» ተብሏል። እምነት፣ ድፍረት፣ ግልጥነት። ለእኔ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ቃሉ የሚሞላው። የሚቀርበው ሰው ያምናል፣ ስለዚህ አይሸማቀቅም፣ ስለዚህም የሚደብቀው የለውም።

«ዙፋን» የሚለውም በዚያ ዘመን ለነበረ አንባቢ ተራ ቃል አልነበረም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አቤቱታ የመጨረሻ የሚደርሰው «ዙፋን ችሎት» ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚያስችሉት ነው። ለእዚያ ለመብቃት ስንት ደጅ ይጠናል! እዚያ ደጅ የቆመ ሰው «ወደ ዙፋኑ እንቅረብ» የሚለውን ሲያነብ ምን ይሰማው እንደነበር አስባለሁ። ያውም የጸጋ ዙፋን።

የአስቴርና የእኛ ልዩነት ግን አንድ ነው። እሷ አልተጠራችም ነበር። እኛ ተጠርተናል። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» የሚለው ጥሪ ነው። ቅዳሴ የቆመ ሰው ይህን በጆሮው ይሰማዋል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል፤ ለጸሎት ተነሡ ማለት ነው። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ጥሪ፣ ቀጥሎ አቤት። አያቴ ብትሰማው «አሁን ሥርዓት ያዛችሁ» የምትል ይመስለኛል። ያ «እግዚኦ» አርባ አንድ ጊዜ በሚደገምበት ሰዓትም ቢሆን ያልተጠራ ሰው ጭቅጭቅ አይደለም። የተጠራ ሰው ድምፅ ነው።

መጠራት ግን ጫማ አያስረሳም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ደጃፉ ይሳማል። አንዳንዱ ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያማትባል። ያን ሰው ሳየው አንጀቴን ይበላዋል። አክብሮቱ ያስቀናል። ግን አንዳንዴ ጥሪውን የሰማ አይመስለኝም። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ከትሕትና ይሁን ከፍርሃት መለየት ከባድ ነው። አዳምም ፈርቶ ነው የተሸሸገው። «ወዴት ነህ?» ተብሎ ነበር እኮ! በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ «ወዴት» ብሎ የጠየቀው ሎሌው አይደለም፤ ጌታው ነው። ተጠርቶ አቤት አለማለትን ደግሞ አያቴ ከሁሉም አብልጣ ትጠላዋለች። «ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ነው?» ትል ነበር።

ጥሪውን ለይቶ ማወቁም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሕፃኑ ሳሙኤል ሌሊት ስሙን ሰምቶ ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ አልጠራውም ነበር። ከላይ ሲያዩት ሳሙኤል «ሳይጠሩት አቤት» የተባለለት ልጅ ነው። ዔሊ ግን አልተረተበትም። ዐይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ቢሆንም ነገሩ በሦስተኛው ገባው፤ ለማን አቤት እንደሚል አስተማረው። «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር»።

የተረቱ ሁለተኛ እግር ከበድ ይላል። «ሳይልኩት ወዴት» ሰባኪን ይነካል። ይህን የሚለው ተረታችን ብቻ አይደለም፤ በኤርምያስ 23 እግዚአብሔር ሳልልካቸው ሮጡ ብሎ ነቢያትን ይወቅሳል። ጳውሎስም ካልተላኩ እንዴት ይሰብካሉ ይላል። የታክሲው ልጅ «ተልኬ ነው» ሲል እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። እኔ አልተላክህም የምለው ማን ነኝ? ግን የተላከ ሰው የላኪውን ጠባይ ይዞ ይሄዳል። የሠርግ ጥሪ ሊያደርስ የተላከ ልጅ በር ደብድቦ ወረቀቱን ወርውሮ ከሄደ የሚታማው ልጁ ብቻ አይደለም። ደጋሹም ይታማል።

ፊልጶስን ተመልከቱት። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ሂድ ተብሎ ተልኳል። የህንደኬ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ። ደርሶ ግን አልሰበከም። መጀመሪያ ሰማ፤ ሰውዬው የሚያነበውን አዳመጠ። ቀጥሎ ጠየቀ፤ የምታነበው ይገባሃል ወይ አለው። ጃንደረባው የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይገባኛል አለ። ከዚያም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ፊልጶስን ለመነው። ሠረገላው ላይ የወጣው ያኔ ነው። በእግዚአብሔር ተልኮ እንኳ የሰውየውን ግብዣ ጠበቀ። ከራሱ ጭብጥ የጀመረ አይደለም፤ ሰውየው እያነበበ ከነበረበት ገጽ ነው የጀመረለት።

ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ስለ ተስፋችሁ «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ» መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። መልስ ነው ያለው። ቀጥሎ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ይህን የጻፈው ሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ አንደበቱ ያልተያዘ ሰው ነው፤ ፈሪ ነው እንዳንለው።

ታክሲው አራት ኪሎ ደረሰ። «ወራጅ አለ!» አሉ እናትየው። ረዳቱ በሩን ከፈተ። ዘንቢሉን ሊያነሱ ሞከሩ፤ አልተነሳላቸውም። ዞር ብለው ከኋላ ያለውን ልጅ አዩት።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት እማማ።»

«ና እስቲ፣ ይችን አውርድልኝ።»

መጽሐፉን ኪሱ ከትቶ በሰው ጉልበት መሃል ተሽሎክሉኮ መጣ። ዘንቢሉን ትከሻው ላይ አወጣው። መውረጃው እንኳ እዚያ አልነበረም መሰለኝ፤ ረዳቱ «ፒያሳ አይደል እንዴ የከፈልከው?» አለው። አልሰማውም። አስፋልቱ ላይ ቆሞ «ወዴት ላድርስልዎት?» ሲል ሰማሁት። በአገጫቸው ወደ ሥላሴ አሳዩት። በሩ ተዘግቶ ስንነሳ በመስኮት አየኋቸው። እሳቸው አንድ ነገር እየጠየቁት ነበር፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ይመልስ ነበር።